የመጨረሻው ቫልቭ፦ የባሕር ላይ ነዳጅ ቁፋሮ የሚመካበት ቢኦፒ ሲገመገም

በባሕር ላይ ነዳጅ መቆፈር ሊፈቀድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር የቱንም ያህል ቢሰፋ ዞሮ ዞሮ አንድ ዕቃ ላይ ያርፋል። ዕቃው ከባሕሩ ወለል ላይ በጉድጓዱ አፍ የሚተከል፣ ጉድጓዱ ከቁጥጥር ሲወጣም አፉን እንዲዘጋ የሚጠበቅ የብረት ቁልል ነው፤ የሙያው ሰዎች ቢኦፒ ይሉታል። የቁፋሮው ደጋፊ «ምንም ቢፈጠር ቢኦፒ አለ» ሲል፣ ተቃዋሚው ደግሞ በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጉድጓድ ፈንድቶ ለወራት ዘይት መፍሰሱን ጠቅሶ ዕቃው ከንቱ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም ወገኖች ዕቃውን እንደ ምርት ቀርበው ሲመዝኑት እምብዛም አይታይም፤ ምን እንዲሠራ ተሠራ፣ ምን መሥራት ይችላል፣ በምን ሁኔታ ይከዳል፣ ስንት ያስወጣል የሚሉት ጥያቄዎች ለማንኛውም ውድ መሣሪያ የሚነሡ ናቸውና እዚህም ላነሣቸው እወዳለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው የሚመክተውን ጠላት ሳያውቁ ዕቃውን መመዘን አይቻልም። ከምድር ሥር በዓለት ውስጥ የታመቀ ዘይትና ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ላይ ይገኛል። ቆፋሪዎች ይህን ግፊት በዋናነት የሚይዙት በቢኦፒ ሳይሆን በጉድጓዱ ውስጥ በሚሞሉት ከባድ የቁፋሮ ጭቃ ነው፤ የጭቃው ክብደት ከታች የሚመጣውን ግፊት እስካመጣጠነ ድረስ ጉድጓዱ ጸጥ ብሎ ይቆያል። ጭቃው ሲቀል ወይም የጉድጓዱ ግድግዳና ሲሚንቶ ሲሸነፍ ጋዝ ሾልኮ ይገባል፤ ይህን ኪክ ይሉታል። ጋዝ ወደ ላይ በወጣ መጠን ከበላዩ ያለው ክብደት እየቀነሰለት ስለሚሄድ በፍጥነት ይሰፋል፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥቂት በርሜል የነበረው ጥቂት ቆይቶ መርከብ የሚያናውጥ ኃይል ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ከሁሉ የከበደው ነገር ጊዜ ነው፤ የቢኦፒም ዋጋ የሚወሰነው ቶሎ በመጠራቱ ነው።

ራም (ከሁለት ጎን ተገፍቶ የጉድጓዱን አፍ የሚዘጋ የብረት መዝጊያ) ያለበትን የመጀመሪያ ቢኦፒ በ1922 በቴክሳስ የሠሩት ጄምስ አበርክሮምቢ እና ሃሪ ካሜሮን ናቸው። ከዚያ በፊት ጉድጓድ ሲፈነዳ የሚደረገው ነገር ቆሞ ከማየት ብዙም አይዘልም ነበር፤ በ1901 ቦሞንት አጠገብ በስፒንድልቶፕ የፈነዳውን ጉድጓድ ሕዝብ እንደ ትርኢት ሊያየው ይጎርፍ ነበር። የዛሬው የጥልቅ ባሕር ቢኦፒ በመሠረቱ የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። የ2010ው አደጋ በደረሰበት በዲፕዋተር ሆራይዘን ሪግ (ተንሳፋፊ የቁፋሮ መድረክ) ሥር የነበረው ከ300 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ቁመቱ ከአምስት ፎቅ የማያንስ ቁልል ነበር። ከላይ የቧንቧውን ዙሪያ ጨብጠው የሚያሽጉ ሁለት የጎማ ቀለበቶች፣ ከሥራቸው ቧንቧን ቆርጦ ጉድጓዱን የሚዘጋ አንድ ራም፣ ወፍራም የጉድጓድ ቧንቧ የሚቆርጥ ግን የማያሽግ ሌላ ራም፣ ከታች ደግሞ በቧንቧ ዙሪያ የሚገጥሙ ሦስት ራሞች ነበሩት። ትእዛዝ የሚቀበለው ሰማያዊና ቢጫ በሚባሉ ሁለት የመቆጣጠሪያ ሣጥኖች ሲሆን፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ የታሰበ ነው።

በጎ ጎኑን በቅድሚያ መናገር ተገቢ ነው። ኪክ ያልተለመደ ክስተት አይደለም፤ ጥንቃቄ ባለበት ሥራም ይከሰታል፤ ሠራተኞች በጊዜ ካዩት የጎማ ቀለበቱን ዘግተው ጋዙን በሥርዓት አውጥተው፣ ከባድ ጭቃ አስገብተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ማንም ጋዜጣ አይዘግበውም፤ የሚዘገብ ነገር አልተፈጠረምና። ዕቃው በዚህ የዕለት ተዕለት ሥራው አመስጋኝ ያጣ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ተቃዋሚዎች ይህን አለመቀበላቸው ክርክራቸውን ያዳክመዋል እንጂ አያጠነክረውም። በዚህ ሥራ ላይ ብቻ ነጥብ ስጥ ብባል ከፍ ያለ ነጥብ እሰጠው ነበር።

ችግሩ ዕቃው የሚሸጠው፣ ፈቃድ የሚሰጥበትና በሕግ አውጪዎች ፊት የሚቀርበው በዚህ ሥራው አለመሆኑ ነው። የሚቀርበው ሁሉም ነገር ሲከሽፍ ብቻውን የሚያድን የመጨረሻ ዋስትና ሆኖ ነው። ይህ እምነት የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለማስታወስ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2010 ኤፕሪል 2 የዛሬ የቁፋሮ ሪጎች እጅግ የተራቀቁ በመሆናቸው በጥቅሉ ዘይት እንደማያፈሱ መናገራቸውን ማንሣት ይበቃል። ማኮንዶ የተባለው ጉድጓድ የፈነዳው ከዚያ 18 ቀን በኋላ ነው።

ማኮንዶ ከሉዊዚያና ጠረፍ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠልቅ ውኃ ሥር የነበረ፣ የብሪታንያው ነዳጅ ኩባንያ የቢፒ ጉድጓድ ነው። ሪጉ የትራንስኦሽን፣ ሲሚንቶው የሃሊበርተን፣ ቢኦፒው የካሜሮን ነበር። ኤፕሪል 20 ምሽት ሠራተኞቹ ጉድጓዱ መታተሙን ለማረጋገጥ የግፊት ፈተና አካሂደው፣ ፈተናው እየጮኸ ማስጠንቀቂያ ሲሰጣቸው በተሳሳተ ትርጉም አልፈውታል። ከዚያም ከባዱን ጭቃ በባሕር ውኃ መተካት ቀጠሉ። ዘይትና ጋዝ መግባት ከጀመረ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ማንም ልብ አላለም፤ ልብ የተባለው ጭቃው ከሪጉ ወለል ላይ መፈንጠር ሲጀምር ነው። የጎማ ቀለበቱን፣ ቀጥሎም በቧንቧ ዙሪያ የሚገጥሙትን ራሞች ዘጉ፤ ደቂቃዎች ሳይቆዩ ፍንዳታው ሆነ። በሪጉ ላይ ከነበሩት 126 ሰዎች 11ዱ ሞቱ። ሪጉም ከሁለት ቀን በኋላ ሰጠመ፤ ጉድጓዱ እስከ ጁላይ 15 ድረስ ለ87 ቀናት ፈሰሰ።

እዚህ ላይ በብዙ ክርክሮች የሚጠፋ አንድ ልዩነት አለ። ሠራተኞቹ ቢኦፒውን በዘጉበት ሰዓት ጋዙ ከቢኦፒው በላይ አልፎ፣ ከባሕር ወለል እስከ ሪጉ በሚዘረጋው ራይዘር በተባለው ሰፊ ቧንቧ ውስጥ ወደ ላይ እየገሰገሰ ነበር። ከበሩ ያለፈን ነገር በር መዝጋት አይመልሰውም። ዕቃው በዚያች ደቂቃ ያለ አንዳች ጉድለት ቢዘጋ ኖሮ እንኳ በላዩ ያለው ጋዝ ሪጉ ጋ ደርሶ መቀጣጠሉ አይቀርም ነበር። ስለዚህ የ11ዱ ሠራተኞች ሞት በዋናነት ከዕቃው በፊት በነበረው መዘግየት የሚጠየቅ ነው፤ ዕቃው በቀጥታ የሚጠየቅበት ከዚያ በኋላ የነበረው የ87 ቀን ፍሰት ነው። የሠራተኛ ደኅንነትና የባሕር ደኅንነት በአንድ ዕቃ የሚገዙ አድርጎ የሚያቀርብ ተከራካሪ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ይህን አላየም ማለት ነው።

በራሱ ዕዳ ግን ዕቃው ክፉኛ ወድቋል። ከፍንዳታው በኋላ ሪጉን ከጉድጓዱ ለመንቀል ቁልፉ ሲጫን ምንም አልተከተለም፤ ገመዶቹ ሳይጎዱ አልቀሩም። ኃይል፣ ግንኙነትና የሃይድሮሊክ ግፊት በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ ያለ ሰው ትእዛዝ ቆራጩን ራም እንዲዘጋ የተሠራ ሥርዓት ነበር፤ የሚሠራው በሁለቱ ሣጥኖች ባትሪዎች ነው። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ በ2014 ባወጣው ምርመራ በሁለቱም ሣጥኖች ውስጥ በስህተት የተገጠመ ሽቦ አግኝቷል። በአንደኛው ስህተቱ ባትሪውን አሟጥጦ ሣጥኑን ከጥቅም ውጭ አድርጎታል፤ በሌላኛው ግን የሽቦው ስህተትና የሌላ ባትሪ መዳከም እርስ በርስ ተጣፍተው ሥርዓቱ እንዲሠራ ሳያደርጉት አልቀረም። ሁለት ብልሽት ተደምሮ አንድ ትክክል የሰጠበት ዕቃ ገጥሞኝ አያውቅም፤ በዚህ ዓይነት ዕድል የተገኘን ውጤት ለአምራቹ እንደ ሞገስ መቁጠርም አይቻልም።

ራሙ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ነገር ተገለጠ። ቁልሉ በሴፕቴምበር 2010 ከባሕሩ ወጥቶ ኒው ኦርሊየንስ በሚገኘው የናሳ ሚሹድ ቅጥር ግቢ ሲመረመር፣ ሥራው የተሰጠው የኖርዌዩ ዴት ኖርስኬ ቬሪታስ በማርች 2011 ባቀረበው ሪፖርት የቁፋሮው ቧንቧ ተጣምሞ ከመሐል ወደ ጎን እንደተገፋ አሳየ። የራሙ ቢላዎች የተሠሩት መሐል ላይ ላለ ቧንቧ ስለነበር ከፊሉን ቆርጠው ከፊሉን ጨፍልቀው በመሐላቸው ክፍተት ቀረ፤ ዘይቱም በዚያ ክፍተት አለፈ። ቧንቧው መቼ እንደተጣመመና ራሙ በየትኛው ቀን እንደተዘጋ ሁለቱ መርማሪዎች አይስማሙም፤ ለገዢ ግን ሁለቱም መልሶች አንድ ነገር ይነግሩታል። ዕቃው ሲቀረጽ የታሰበለት ቧንቧ መሐል ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ቧንቧ ነው፤ ቢላው በእርግጥ በሚፈለግበት ሰዓት ደግሞ ቧንቧው በዚያ ሁኔታ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ሌላም ሳይነገር የሚታለፍ ጉድለት አለ። የቁፋሮ ቧንቧ በተወሰነ ርቀት እየተጋጠመ የሚረዝም ሲሆን፣ መጋጠሚያው ከቀሪው አካል እጅግ ይወፍራል፤ ተራ ቆራጭ ራም ይህን አይቆርጥም። አንድ ቆራጭ ራም ብቻ ያለው ቁልል መጋጠሚያው ቢላው ፊት በቆመበት ደቂቃ ከተጠራ ዕድል ጥሎታል ማለት ነው። በ1979 በሜክሲኮ የካምፔቼ ባሕር ኢክስቶክ አንድ የተባለው ጉድጓድ ሲፈነዳ በቢኦፒው ውስጥ የነበረው ከሁሉ ወፍራም የሆነው የቧንቧ ክፍል ነበር፤ ቢላዎቹም ሊቆርጡት አልቻሉም። ጉድጓዱ እስከ ማርች 1980 ድረስ ፈሰሰ። ማኮንዶ ከዚያ 31 ዓመት ዘግይቶ በአንድ ቆርጦ ዘጊ ራም ብቻ መቆፈሩ፣ ለእኔ ከሽቦው ስህተት ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነው፤ የሽቦው ስህተት የአንድ ጥገና ቤት ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ይህኛው ግን እየታወቀ የተመረጠ ነው።

ዕቃው ሠርቶም ባሕሩ የተበከለበት ጊዜ አለ። በጃንዋሪ 1969 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ አጠገብ የዩኒየን ኦይል ጉድጓድ ሲገነፍል ሠራተኞቹ አፉን ዘጉት፤ ነገር ግን ጉድጓዱ ከላይ በብረት ቧንቧ የተሸፈነው ከተለመደው ባነሰ ርቀት ነበርና ግፊቱ በጎን ሰብሮ በባሕሩ ወለል ስንጥቆች ወጣ። ያንን አጭር ሽፋን የፈቀደው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነበር። ይህ የዕቃው ጥፋት አይደለም፤ ገዢው ግን ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ካልጠና ዕቃው ጠርሙስ አንገት ላይ ያለ ቡሽ ብቻ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል። በ2009 በአውስትራሊያ ሰሜን በቲሞር ባሕር የፈሰሰው የሞንታራ ጉድጓድ ደግሞ በፈነዳበት ሰዓት ቢኦፒ ጨርሶ አልተተከለበትም ነበር፤ ስለዚያ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ የጥልቅ ባሕር ቢኦፒ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። እውነተኛው ዋጋው ግን የግዢው አይደለም። ዲፕዋተር ሆራይዘንን ለመከራየት በቀን ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር፤ ከ1,500 ሜትር ጥልቀት ቁልሉን አውጥቶ ፈትሾ መልሶ ለመትከል ደግሞ ቀናት ይፈጃል። ጥገና ባስፈለገ ቁጥር የሚቃጠለው ገንዘብ ይህ ነው፤ ማኮንዶ በዚያ ላይ ከዕቅዱ ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ ነበር። ትንሽ ፍሳሽ ሲታይ «እስኪወጣ ድረስ ይቆይ» የሚለው ፈታኝ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ ከዚህ ይገባል። ስለዚህ ስለ ዕቃው ጥንካሬ የሚነገር ማንኛውም ቁጥር ማን፣ መቼ፣ በማን ወጪ አውጥቶ ይፈትሸዋል የሚለው ካልተመለሰ ትርጉም የለውም።

ፈተናውም ራሱ ሊታይ ይገባዋል። በአሜሪካ ሕግ የቢኦፒ የግፊት ፈተና በመደበኛነት በየ14 ቀኑ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ራሞቹ ተዘግተው ግፊት ይለቀቅባቸዋል፤ ከያዙ አለፉ ይባላል። ይህ በጸጥታ ውስጥ የሚደረግ ፈተና ነው። የሚጮህ ጋዝ፣ አሸዋና የተጣመመ ቧንቧ በሚንጋጋበት ሰዓት መዝጋት መቻሉን ግን አይነግርም፤ ባሕር ወለል ላይ ያለ ቆራጭ ራምም በእያንዳንዱ ፈተና ቧንቧ እየቆረጠ ችሎታውን አያሳይም። ለአሜሪካ መንግሥት በ2002 የተሠራ ጥናት የቆራጭ ራሞችን ችሎታ ሲመረምር ሙከራውን ያላደረጉ ሪጎች ነበሩ፤ ካደረጉትም መካከል ያልቆረጡ ነበሩ። ጥናቱ እስከ አደጋው ድረስ በቂ ለውጥ ሳያመጣ መቅረቱ የዕቃው አምራች ብቻ ሳይሆን የተቆጣጣሪውም ጉድለት ነው።

በወቅቱ ብዙ የተነገረለት ተጨማሪ መሣሪያ በድምፅ ምልክት ከርቀት ቢኦፒውን የሚያዘጋው ነው። ኖርዌይና ብራዚል ይህን ሲጠቀሙ አሜሪካ አላስገደደችም፤ ዋጋውም ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ መባሉ ብዙዎችን አስቆጥቷል። ቁጣው ቢገባኝም፣ በማኮንዶ ይህ መሣሪያ ውጤቱን ይለውጥ ነበር ብዬ አላምንም፤ በርቀት የሚነዱ የባሕር ሮቦቶች ቆራጩን ራም ለመዝጋት ሞክረው ፍሰቱ አልቆመም። ቢላው መቁረጥ ካልቻለ በማን ትእዛዝ መዘጋቱ ለውጥ አያመጣም።

ስለ ተጠያቂነት የፌዴራል ዳኛው ካርል ባርቢየር በሴፕቴምበር 2014 ጥፋቱን 67 ከመቶ ለቢፒ፣ 30 ከመቶ ለትራንስኦሽን፣ 3 ከመቶ ለሃሊበርተን አከፋፍለዋል። የዕቃው አምራች ካሜሮን ከፍርዱ አስቀድሞ ከክሱ ወጥቷል። ይህ ፍርድ ለምርት ገምጋሚ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል፤ የሕጉ መልእክት ግን ከእኔ ምዘና ብዙ አይርቅም፦ ዕቃውን ያዘዘ፣ አንድ ቢላ ይበቃኛል ያለና ሲያረጅ ያላወጣ ሰው ከሠራው ሰው ይበልጥ ይጠየቃል። ቢፒ በመጨረሻ ከፌዴራልና ከክልል መንግሥታት ጋር 20.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ያ ገንዘብ 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ዘይት ለነካው ጠረፍና በሉዊዚያና ላለው የባራታሪያ ወሽመጥ ዶልፊኖች ምን ያህል ካሣ እንደሆነ የሚለካ ሚዛን የለም። (በነገራችን ላይ፣ ኩባንያው ለባሕረ ሰላጤው ያዘጋጀው የፍሳሽ ምላሽ ዕቅድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው እንስሳት መካከል በዚያ ሞቃት ባሕር ጨርሶ የማይኖረውን፣ የአርክቲኩን ዋልረስ ዘርዝሮ ነበር። ዕቅዱን ያጸደቀው ሰው እስከ መጨረሻው ገጽ ስለማንበቡ መጠርጠር ይቻላል።)

ከአደጋው በኋላ ምርቱ ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። በ2016 የወጣው የአሜሪካ የጉድጓድ ቁጥጥር ደንብ ለጥልቅ ባሕር ሁለት ቆራጭ ራሞችን፣ ቧንቧውን ወደ መሐል የሚያመጣ ሥርዓትንና ቁልሉ በየአምስት ዓመቱ ተፈትቶ እንዲመረመር ጠየቀ። ሁለቱ ቆራጮች ተራርቀው ስለሚቀመጡ መጋጠሚያው በአንዱ ፊት ቢቆም ሌላው ስስ ክፍሉን ያገኛል፤ ቧንቧውን መሐል የማምጣቱ ግዴታም በቀጥታ የማኮንዶን ጉድለት የሚመልስ ነው። በ2019 ደንቡ በከፊል ሲላላ፣ በ2023 ደግሞ በከፊል ተመልሶ ጠበቀ። አንድ የደኅንነት ዕቃ መለኪያው መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ ከሆነ፣ ገዢው የሚገዛው በየትኛው ዓመት ደንብ የተፈተሸውን እንደሆነ ደጋግሞ እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

ዕቃው የማይሸፍነውንም ማወቅ ይገባል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ማምረት ሲጀምር ቢኦፒው ይነሣና ሌላ የቫልቭ ስብስብ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አደጋ የሌላ ምርት ጉዳይ ነው። በሴፕቴምበር 2004 አይቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ባስከተለው የባሕር ሥር የጭቃ ናዳ የቴይለር ኢነርጂ መድረክ ወድቆ ከአሥር ዓመታት በላይ ዘይት ሲያፈስ ኖሯል። ከቧንቧና ከመርከብ የሚፈሰውም ሆነ የወጣው ነዳጅ ሲቃጠል አየሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በቢኦፒ አይዘጋም፤ ተቃውሟቸው በዚህ ላይ ላረፈ ሰዎች የዕቃው መሻሻል መልስ አይሆናቸውም፤ እንዲሆናቸው መጠበቅም ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ምዘናዬ ሁለት ነው። ንቁ ሠራተኛ ባለበት፣ በጊዜ ለታየ ኪክ ዕቃው አስተማማኝ ነው፤ ሊገዛም ይገባል። ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ከቁጥጥር ከወጣ በኋላ ብቻውን ያድናል ተብሎ ለቀረበበት ሥራ ግን አልመክረውም፤ ሁለት ቆራጭ ያለውን አዲሱንም ቢሆን። ማኮንዶን በእርግጥ የዘጋው ከጊዜ በኋላ በላዩ የተተከለ ሌላ የመዝጊያ ቁልል ሲሆን፣ ለዘለቄታው የገደለው ደግሞ ከሜይ ጀምሮ ሲቆፈር ቆይቶ በሴፕቴምበር የደረሰው የማስታገሻ ጉድጓድ፣ ማለትም ከጎን ተቆፍሮ የፈነዳውን ጉድጓድ ከሥር ለመዝጋት የሚያገለግል ሌላ ጉድጓድ ነው። እነዚህ ሁለቱ በቅርብ ተዘጋጅተው የማይጠብቁበት ቦታ ቢኦፒ ብቻውን የጎደለ ጥቅል ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2015 ሼል በአላስካ ቹክቺ ባሕር እንዲቆፍር ሲፈቅድ ሁለተኛ ሪግና የመዝጊያ ቁልል በአካባቢው እንዲኖሩ ጠይቆ ነበር፤ ካናዳም በአርክቲክ ውኃዎቿ በዚያው የቁፋሮ ወቅት የማስታገሻ ጉድጓድ መቆፈር የሚችል ዝግጅት እንዲኖር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስትጠይቅ ኖራለች። ኩባንያዎች ይህ ግዴታ እጅግ ውድ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ የጥቅሉ ሙሉ ዋጋም ይኸው ነው።